የመጠጊያ ሥፍራዎች ስሞችና የመሐንዲስ ኃላፊነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አማርኛ ሰው ከአደጋ የሚድንበትን ሥፍራ የሚጠራባቸው ቃላት ብዙ ናቸው። መሸሻ፣ ማምለጫ፣ መሸሸጊያ፣ መጠለያ፣ መጠጊያ፣ መማጸኛ ይባላል። በዕለት ንግግር አንዱ በሌላው ምትክ ቢነገር የሚጎዳ ነገር የለም። በሕንፃ ንድፍና በበር ላይ በሚለጠፍ ጽሑፍ ግን ቃል መሳሳት መንገድ እንደ ማሳሳት ይቆጠራል። ስለዚህ የእነዚህን ቃላት ፍች መመርመር ለቋንቋ ሊቃውንት ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም።

እነዚህ ስሞች ሁሉ ከግሥ የወጡ ሲሆኑ፣ ሥፍራውን የሚጠሩት ሰው በዚያ በሚያደርገው ነገር ነው። "መሸሻ" እና "መሸሸጊያ" ለጆሮ ዘመዳሞች ቢመስሉም፣ የፊተኛው ከ"ሸሸ"፣ የኋለኛው ከ"ሸሸገ" የመጡ ናቸው። በአንደኛው ሰው ይሮጣል፤ በሌላው ይደበቃል። "መጠለያ" መነሻው ጥላ ነው፤ ከፀሐይና ከዝናብ የሚከልል ማለት ነው። "መጠጊያ" ደካማው ወደ ብርቱው የሚቀርብበት ሥፍራ ነው። "መማጸኛ" ደግሞ የሚለምን ብቻ ሳይሆን ልመናውን የሚቀበል ሌላ ወገን መኖሩን ያመለክታል።

ይህ የመጨረሻው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ የታወቀ ነው። ሳያስብ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከደም ተበቃይ እንዲያመልጥ ስድስት መማጸኛ ከተሞች ተለይተው ነበር፤ እነዚህም ቃዴስ፣ ሴኬም፣ ኬብሮን፣ ቦሶር፣ ራሞትና ጎላን ናቸው። ለመሐንዲስ የሚደንቀው ግን በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 የተጻፈው ነው፤ ሕጉ ከተሞቹን በመለየት ብቻ ሳይወሰን ወደ እነርሱ የሚወስደው መንገድ እንዲዘጋጅ ያዛል። መንገድ የሌለው መማጸኛ ስም ብቻ መሆኑን የጥንቱ ሕግ ዐውቆታል ማለት ነው።

በአገራችን ታሪክ የመጠጊያነቱን ሥራ የሠራው አምባ ነው። ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣው ዛሬም በገመድ ነው። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን ዐፄ ልብነ ድንግል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1540 ያረፉት በዚሁ አምባ ሲሆን፣ እቴጌ ሰብለ ወንጌልም የፖርቱጋል ጦር እስኪደርስ ድረስ በዚያው ተጠግተው ቆይተዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ገደል በግሼንና በወኅኒ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት እስር ቤት ሆኗል። መግቢያና መውጫው አንድ ብቻ የሆነ ሥፍራ እንደ ጠባቂው ፈቃድ መጠጊያም እስር ቤትም ይሆናል።

የዚህን እውነትነት የሚያስረዳ አሳዛኝ ምሳሌ በኒውዮርክ ከተማ ተገኝቷል። በአውሮፓ አቆጣጠር መጋቢት 25 ቀን 1911 ትራያንግል በተባለው የልብስ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሠራተኞች ሞቱ። በዘጠነኛው ፎቅ ከነበሩት የደረጃ በሮች አንደኛው ተቆልፎ ነበር። ማምለጫ ተብሎ በውጭ የተሠራው የብረት ደረጃም የሸሹትን ሰዎች ክብደት መሸከም አቅቶት ከነሰዎቹ ወደቀ። ስሙ ማምለጫ ነበር፤ ሥራው ግን አልነበረም።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከፍታው ከ200 ሜትር ይበልጣል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የደረሰው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ እስከ ዋና ከተማው ተሰምቷል። ሕንፃዎች ወደ ላይ በረዘሙ መጠን ሁሉም ሰው በደረጃ ፈጥኖ ሊወርድ አይችልም። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና የአካል ጉዳተኞች እሳትና ጢስ በማይደርስበት ክፍል ወይም ወለል ሆነው አዳኞችን መጠበቅ ይኖርባቸዋል። ሆንግ ኮንግን በመሳሰሉ ከተሞች ረጃጅም ሕንፃዎች እንዲህ ያለ ወለል እንዲኖራቸው በደንብ ተወስኗል።

እንግዲህ ይህ ወለል በአማርኛ ምን ይባል? "መሸሸጊያ" ቢባል አደገኛ ነው። በቃጠሎ ጊዜ ሕፃናት ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ውስጥ እየተደበቁ አዳኞች ሳያገኟቸው የሚቀሩበት አጋጣሚ አለና፣ ተደበቅ የሚል ቃል በግድግዳ ላይ ሊጻፍ አይገባም። "መጠለያ" ዛሬ ከመኖሪያው የተፈናቀለ ሕዝብ ለወራት የሚቀመጥበትን ሠፈር ያሳስባል። የሚስማማው "መጠጊያ" ነው። "ጥገኛ" የሚለው ቃል የእርሱ ዘመድ ስለሆነ ስድብ ይመስላል የሚሉ ይኖራሉ፤ ሆኖም በአደጋ ጊዜ ወደ ብርቱ መጠጋት የሚያሳፍር ነገር የለውም።

በዚህ መሠረት ሦስት ቃላት በንድፎቻችን ላይ ተለይተው ቢጻፉ መልካም ነው። "መውጫ" ወደ ገላጣ ሜዳ የሚያደርስ በር፤ "ማምለጫ" ከእሳት ተከልሎ ወደዚያ በር የሚወስድ መተላለፊያና ደረጃ፤ "መጠጊያ" መውረድ የማይችል ሰው የሚቆይበትና አዳኞች አስቀድመው የሚያውቁት ሥፍራ ይሁን።

ቃሉን መለየት ግን የሥራው መጀመሪያ ነው። መውጫ ተብሎ የተጻፈበት በር ከተቆለፈ፣ ማምለጫ የተባለው ደረጃ የዕቃ ማከማቻ ከሆነ፣ ጽሑፉ በሚያነበው ሰው ላይ የተፈጸመ ክህደት ይሆናል። በንድፉ ላይ የሚፈርም መሐንዲስ ለመስመሩ ብቻ ሳይሆን ለቃሉም እንደ ፈረመ ሊቆጥረው ይገባል።