የአገሬው አርበኛና የባዕዱ ወታደር
በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር



አገር በጦር ኃይል ስትያዝ ገዢው ሁሉ «ሕዝቡ ወዶናል፤ የሚያውከን ሽፍታና ከውጭ የተላከ ሰው ነው» ማለት ልማዱ ነው። ይህ አባባል ዛሬም በዓለም ይሰማል። እኛ ግን እውነቱን ሩቅ ሳንሄድ ከመንዝ፥ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ደጋ እንመርምረው።

ፋሺስት ኢጣልያ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘች በኋላ አርበኞቻችንን ሽፍታ አለቻቸው። ይሁን እንጂ በሰሜን ሸዋ የተነሡትን ማንም ከውጭ አልላካቸውም። አበበ አረጋይ የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ የነበሩ የሸዋ ሰው ናቸው፤ ተከታዮቻቸውም አብዛኞቹ ገበሬዎች ነበሩ። መሣሪያቸው ከጦርነቱ የተረፈና ከጠላት የተማረከ፥ ስንቃቸው የገበሬው ገብስ፥ ምሽጋቸው የጀማና የወንጭት ገደል ነበር። እንግሊዝ በግልጥ መርዳት የጀመረችው ኢጣልያ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ጦር ካወጀችባት በኋላ ነው። እስከዚያው አራት ዓመት ሙሉ የተዋጋው የአገሬው ሰው ነበር።

እንዲያውም ከሩቅ የመጣ ወታደር የበዛው በገዢው ወገን ነው። ኢጣልያ ከኤርትራ፥ ከሊቢያና ከሶማልያ አስካሪ መልምላ አዝምታለች። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በዘረት ዋሻ የተጠለሉትን አርበኞች፥ ቁስለኞች፥ ሴቶችና ሕፃናት ከበባ የመርዝ ጋዝ ለቀቀችባቸው፤ እጃቸውን ሰጥተው የወጡትንም ወንዶች በጥይት ፈጀች።

ታዲያ ልዩነቱ የትውልድ ቦታ ብቻ ነውን? አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የኤርትራ ተወላጆች ነበሩ። ከአስካሪዎቹም ብዙዎች ከድተው ከአርበኛው ጋራ ተሰልፈዋል። በአንጻሩ ለጠላት ያደረው ባንዳ የገዛ ወገናችን ነበር።

እንደ እኛ አስተያየት ልዩነቱ ተዋጊው ለማን መልስ ይሰጣል በሚለው ላይ ነው። የአስካሪው ደመወዝ ከሮማ ይመጣል፤ መንደር ቢያቃጥል ነገ ሌላ ስፍራ ይዘምታል። አርበኛው ግን ዛሬ የበደለው ገበሬ ነገ እንጀራ ይነሣዋል፥ መንገድም አያሳየውም። ገበሬውን ያስመረረ አርበኛ አልነበረም አንልም። ነገር ግን ጦርነቱ ሲያልቅ ከዚያው ገበሬ ጋራ በአንድ ደብር ሊያስቀድስ፥ በአንድ ዳኛ ፊት ሊቆም ግድ ነበር።

ወዳጅም ቢሆን የራሱ ሒሳብ አለው። በ1933 ዓ.ም. የዊንጌት ጦር በጎጃም ያደረገውን ርዳታ አንክድም። ቢሆንም በጥር 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት ለእንግሊዝ በአገራችን አስተዳደር ላይ ሰፊ ሥልጣን መስጠቱን አንርሳ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ የአርበኞች አለቆች ስማቸው ተጽፏል፤ ሐውልትም የቆመላቸው አሉ። ሌሊት አርበኛውን አብልቶ ቀን ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ ግን ስሙ አልተጻፈም። በየትኛውም የተያዘ አገር «ባዕዱ ተዋጊ ማን ነው?» ተብሎ ሲከራከሩ ብንሰማ፥ አስቀድመን «የሚያበላው ማን ነው? ነገ ከማን ጋራ ይኖራል?» ብለን እንጠይቅ። ከእነዚያ ወረዳዎች የመጣችሁም በዕረፍት ጊዜ ወደ አገር ቤት ስትወርዱ፥ አያቶቻችሁ ማንን እንዳበሉና ምን እንደ ከፈሉ ጠይቃችሁ ጻፉ።