ስለ ሲኒ፣ ስለ ልብስ ሣጥንና ስለ ቤት ኑሮ ደስታ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



በዛሬው የበዓል ቀን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ወክለን በፊታችሁ እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከፍ ያለ ደስታ ይሰማናል። ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ሳይንስ ጥቅምና ስለ ሥራ ፈጠራ ብዙ ቁም ነገር አሰምተውናል። እኛ የመረጥነው ርእስ ግን ከቤት ደጃፍ የማይወጣ ነው፤ ይኸውም ስለ ሲኒ፣ ስለ ልብስ ሣጥንና ስለ ቤት ኑሮ ደስታ ነው። ርእሳችንን በክፍል ውስጥ ባስታወቅን ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን ሣቁ። «ስለ ሲኒ ደግሞ ንግግር ይደረጋል ወይ? አገር ስንት ችግር እያለበት!» አሉን። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ስለዚህ የምንናገረው ሁሉ ለዚሁ ጥያቄ መልስ እንዲሆን አስበናል።

ከሁሉ አስቀድመን የከተማችንን ስም እንመልከት። በ1870ዎቹ ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚህ ስፍራ ሰፍረው ሳሉ በሰማይ ላይ ባለ ጅራት ኮከብ አይተው ቦታውን «ደሴ»፣ ማለት ደስታዬ፣ ብለው እንደ ሰየሙት ይነገራል። በስሟ ደስታን የያዘች ከተማ ልጆች ስለ ደስታ ቢናገሩ ነውር አይሆንባቸውም። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ደግሞ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወርደን፣ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ተጉዘን የምናገኛት፣ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቅ ያለች ከተማ ናት። ከዚህ የተነሣ የቤት ደስታም በሁለቱ ከተሞች መልኩ ይለያያል። በደሴ በክረምት ጉሙ ደጃፍ ድረስ ሲመጣ፣ ደስታ ማለት ጋቢ ደርቦ፣ ትኩስ ነገር በእጅ ይዞ፣ ከቤተ ሰብ ጋር ተጠጋግቶ መቀመጥ ነው። በኮምቦልቻ ግን ፀሐይ ስትበርድ ደጁ ይጠረጋል፤ ውኃ ይርከፈከፋል፤ በርጩማው ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ነፋስ እየተቀበሉ መጫወት ነው። ሁለቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። በሁለቱም መካከል ግን አንድ ነገር አይጠፋም፤ እርሱም ረከቦቱና በላዩ የተደረደሩት ሲኒዎች ናቸው።

ሲኒ የሚለው ስም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «የቻይና» ማለት ነው። በወሎ ብዙ እናቶች ፍንጃል ይሉታል፤ ይህም ቃል ከዚያው ከዐረብኛ የተገኘ ነው። ቻይናውያን ካኦሊን የሚባለውን ነጭ ዐፈር ከተፈጨ ድንጋይ ጋር ለውሰው፣ በ1,300 ዲግሪ ገደማ ሙቀት እየተኮሱ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ዕቃ መሥራት ከጀመሩ ከ1,000 ዓመት በላይ ሆኗል። የአውሮፓ ሰዎች ምስጢሩን ያገኙት በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በጀርመን አገር በሳክሶኒ ነው። የዚያ አገር ገዥ አውጉስት እንዲህ ያለውን ዕቃ ከመውደዱ የተነሣ በ1717 እ.ኤ.አ. 600 ወታደሮቹን ለፕሩስያ ንጉሥ አሳልፎ ሰጥቶ 151 የቻይና ዕቃዎች ተቀበለ። ወገኖቻችን ሆይ፤ ይህን ታሪክ ልብ በሉት። ውብ ዕቃን መውደድ ልክ ሲያጣ ሰውን በዕቃ እስከ መለወጥ ያደርሳል።

የእናቶቻችን ሲኒ ሥራ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የአውጉስት ዕቃ ሰውን ከቤቱ አስወጣ፤ የእናቶቻችን ሲኒ ሰውን ወደ ቤት ያስገባል። ቡና ለብቻ አይጠጣም። ቡናው ሲቆላ ልጅ ወደ ጎረቤት ይላካል፤ «ቡና ደርሷል፤ ኑ ተብላችኋል» ይላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ድረስ የታመመ ይጠየቃል፤ ያዘነ ይጽናናል፤ የተጣላም ይታረቃል። በቀድሞ ዘመን ቡና የሙስሊሞች ልማድ ነው ተብሎ በብዙ ክርስቲያኖች ዘንድ የተነወረ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ጠጪ ስለ ነበሩ፣ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ነውርነቱ እንዲቀር ስለ ረዱ፣ ልማዱ በክርስቲያኑም ቤት ገባ። ዛሬ በወሎ በአንድ ረከቦት ዙሪያ አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ሌላው «አልሐምዱሊላህ» እያለ ይቀበላል። ስለዚህ ሲኒ ትንሽ ዕቃ ናት ብሎ የሚንቅ ሰው፣ በዙሪያዋ የሚሰበሰበውን ሰው ያልቈጠረ ነው።

ነገር ግን አንድ ልማድ ያሳዝነናል። በብዙ ቤት ያማሩት ሲኒዎች በቡፌ ውስጥ ተቈልፈው በመስተዋት ይታያሉ፤ የቤቱ ሰው ግን ከንፈሩ በተሸረፈው ይጠጣል። «ለእንግዳ ነው» ይባላል። እንግዳን ማክበር የአባቶቻችን መልካም ባሕርይ ነው፤ ይህ አይጥፋ። ይሁን እንጂ አባት ደክሞ ከሥራ ሲመለስ፣ አያት ከፀሐይ ገብታ አረፍ ስትል፣ ልጅ ፈተናውን ጨርሶ ሲመጣ፣ ያማረችው ሲኒ ለእነርሱስ የማትወጣው ስለ ምንድር ነው? ሲኒ እንደ ሆነች ትሰበራለች። በቡፌ ውስጥ ሆና ማንንም ደስ ሳታሰኝ ከምትኖር፣ ብዙ ማክሰኞና ረቡዕ አገልግላ ብትሰበር ይሻላል።

ከሲኒው ወደ ልብስ ሣጥኑ እንለፍ። በአያቶቻችን ጊዜ የአንድ ሰው ልብስ በአንድ የእንጨት ሣጥን ይጠቀለል ነበር፤ አንድ ለሥራ፣ አንድ ለዓመት በዓል፣ ከዚያም ጋቢና ነጠላ። ለክት የሚባለው ልብስ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ጥሩ ሽታ ያለው ቅጠል በመካከሉ ተደርጎበት ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ግን ልብስ በርክሷል፤ ልባሽ ጨርቅ በገበያ ተከምሮ ይሸጣል፤ በስልክም መስኮት በየሰዓቱ አዲስ አለባበስ እናያለን። ከዚህ የተነሣ ቁም ሣጥኑ ሞልቶ ሳለ «የምለብሰው የለኝም» የሚል ወጣት በዝቷል። አንዳንዱም ለአንድ ቀን ፎቶግራፍ ሲል የጓደኛውን ጫማና ጃኬት ይዋሳል። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ስለዚህ ነው። ጥቂት ልብስ ያለው ሰው፣ ንጹሕ አድርጎ ከያዘው፣ ቁልፉ ሲላቀቅ ራሱ ከተከለው፣ ጠዋት ምን ልልበስ ብሎ አይጨነቅም። የትምህርት ቤታችን የደንብ ልብስም ይህን አስተምሮናል። የነጋዴው ልጅና የቀን ሠራተኛው ልጅ በአንድ ቀለም ሲለብሱ፣ ልዩነታቸው በትጋታቸውና በጠባያቸው ብቻ ይታወቃል።

ጥቂት ልብስ ይኑረን ማለት ግን ልብስ ይናቅ ማለት አይደለም። ነጠላን የሚያህል ቀላል ልብስ ስንት እጅ እንዳለፈበት እናስብ። ጥጡ ይለቀማል፤ ፍሬው ይወጣል፤ ይዳመጣል፤ እናቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ፣ መወርወሪያውን እየወረወረ ቀኑን ሙሉ ይሠራዋል። በኮምቦልቻም በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለብዙ ቤት አንሶላና ፎጣ ሠርቷል፤ ብዙ ወላጆችም ከዚያ ባገኙት ደመወዝ ልጆቻቸውን አስተምረዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ልብሱን መሬት ላይ ጥሎ አይሄድም።

የንግግራችን ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። የቤት ደስታ ሁሉ የሰው እጅ ሥራ ነው፤ ሥራውን ወድዶ ሠራተኛውን መናቅ ግን ደስታውን ሐሰት ያደርገዋል። በአገራችን ለረጅም ዘመን የተደረገው ይህ ነበር። ጀበናዋን የሚወዱ ሸክላ ሠሪዋን ይሰድቡ ነበር፤ ጥበቡን ለብሰው የሚያጌጡ ሸማኔውን ዝቅ አድርገው ያዩት ነበር፤ በማረሻው የሚያርሱም ቀጥቃጩን ይሸሹት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ሠሪዎችን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ልማዱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያሳያል። ከዐዋጁ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ይሁን እንጂ የስድቡ ርዝራዥ በአንዳንድ አፍ ላይ ዛሬም አለ። እኛ የተማርን ከሆንን፣ ጀበና ስንገዛ ዋጋ ከመከራከራችን በፊት የሠራችውን እጅ እናክብር።

ደግሞም የተናቀች እጅ በገበያ ብቻ አይደለም ያለችው፤ በቤታችንም አለች። ቡናውን የሚለቅም፣ የሚቆላ፣ የሚወቅጥ፣ የሚያፈላ ማን ነው? ሲኒውንስ የሚያጥብ ማን ነው? እናትና እኅት ናቸው። ወንድም ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጽሐፉን ይዘረጋል፤ እኅቱ ግን ከዚያው ትምህርት ቤት፣ ከዚያው ክፍል መጥታ፣ መጽሐፏን የምትዘረጋው ሲኒው ታጥቦ፣ ራት ቀርቦ፣ ቤቱ ከተጠረገ በኋላ ነው። በማግሥቱም ሁለቱ በአንድ ፈተና ይቀመጣሉ። ይህ ትክክለኛ ፍርድ ነው ወይ? ሲኒ ማጠብ የወንድን ክብር አይቀንስም። ወንዶች ጓደኞቻችን ሆይ፤ የቡናውን ደስታ የምንካፈል ሁላችን ሥራውንም እንካፈል። ወላጆቻችንም ወንዱን ልጅ «ተው፣ ይህ የሴት ሥራ ነው» ብላችሁ አትመልሱት ብለን በትሕትና እንለምናለን።

አሁን ወደ ጓደኞቻችን ጥያቄ እንመለስ። «አገር ስንት ችግር እያለበት ስለ ሲኒ ይነገራል ወይ?» ብለዋል። ችግርን እኛም በዐይናችን አይተናል። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የ13ና የ14 ዓመት ልጆች ነበርን። ከመካከላችን ብዙዎች ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ተሰደዱ፤ ሌሎችም እዚሁ በር ዘግተው በፍርሃት ሰነበቱ። ኅዳር 27 ቀን ከተሞቹ ወደ መንግሥት እጅ መመለሳቸው ከተነገረ በኋላ ሰው ወደየቤቱ ተመለሰ። የደሴ ሙዚየም ቅርሶች ተዘርፈው ነበር፤ ፋብሪካዎች ተጎድተው ነበር፤ ብዙ ቤትም ባዶ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያልተመለሰው ሰው ነበር፤ እርሱን የሚተካ ዕቃ የለም።

በዚያ ጊዜ እናቶቻችን ያደረጉትን አስተውለናል። አልጋና ሣጥን ሳይገዛ፣ መስኮቱም ገና በላስቲክ ተሸፍኖ ሳለ፣ ወለሉን ጠርገው ቡና አፈሉ። ሙሉ ሲኒ ያለው ቤት አልነበረም። ስለዚህ አንዷ ጎረቤት ሁለት፣ ሌላዋ ሦስት፣ ሌላዋም ጀበናዋን ይዛ መጣች። በአንዱ ሲኒ ላይ አበባ፣ በሌላው ላይ የወርቅ መስመር ነበረ፤ አንዱም ከአንዱ አይመሳሰልም ነበር። እንደዚያ ቀን ያማረ ረከቦት ግን አላየንም። ሙስሊሟ ዱዓ አደረገች፤ ክርስቲያኗ መረቀች፤ ሁሉም የሞተውን አስታውሰው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩን ጣሪያ ማን ቀድሞ እንደሚያስጠግን እዚያው ተመካከሩ። ከችግር በኋላ አገር የሚጀመረው በእንዲህ ያለ ቦታ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ተረዳን።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ሲኒ የተራበን አያጠግብም፤ የታጠፈ ነጠላም ጦርነትን አያስቀርም። ነገር ግን በቤቱ ጥቂቷን ነገር በጥንቃቄ መያዝ፣ የሠራትን ማክበርና ከጎረቤት ጋር መካፈል የተማረ ሰው፣ የአገርንም ንብረት እንዲሁ ይይዛል። ሲኒ አጥቦ በቦታው የሚመልስ ልጅ፣ ነገ በመሥሪያ ቤት የሕዝብን ዕቃ አያበላሽም ብለን ተስፋ እናደርጋለን። በአንጻሩም ጎረቤት አዲስ ሶፋ ገዛ ብሎ በብድር ሶፋ የሚገዛ ሰው ቤቱን አላስጌጠም፤ ዕዳውን አስቀመጠበት እንጂ። የቤት ጌጥ ከሰው ቤት ጋር መፎካከሪያ የሆነ ዕለት ደስታው ይጠፋል።

ውድ ጓደኞቻችን ሆይ፤ በቅርብ ጊዜ ከዚህ ትምህርት ቤት ተሰናብተን አንዳንዶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዶቻችን ወደ ሥራ እንሄዳለን። በምንሄድበት ስፍራ ቤታችን ምናልባት አንዲት የኪራይ ክፍል ትሆናለች። ክፍሏ ጠባብ ብትሆንም ትጠረግ፤ ልብሳችን ጥቂት ቢሆንም ይታጠብ፤ ሁለት ሲኒ ብቻ ብንገዛ ሁለተኛዋ ለጎረቤት ትሁን። ወላጆቻችን ሆይ፤ ያማረውን ሲኒ ከቡፌ አውጡልን፤ አጥበን እንመልሰዋለን። መምህራኖቻችን ሆይ፤ ከመጽሐፉ ጋር ሥርዐትንና ንጽሕናን ስላስተማራችሁን ከልብ እናመሰግናለን።

 ቤታችሁን ሰላም፣ ደጃችሁን እንግዳ አያሳጣው።