«የዱር» የምትለዋ ቃል
(በፍኖተ ሰላም ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ከየአጥቢያው ለመጡ ተወካዮች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዲት ቃል ነው። ለአንዲት ቃል ሲባል ይህን ያህል ሰው ከቡሬ፣ ከሽንዲና ከየገጠሩ በጭቃ መንገድ መምጣት ነበረበትን? የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም ቀድሞ እንዲሁ እናስብ ነበር። ነገር ግን ከቡሬ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለ አንድ ቀበሌ፣ ለሕፃናት የፖሊዮ ጠብታ ሲሰጥ ልንረዳ ሄደን ሳለ የገጠመን ነገር ሐሳባችንን ለወጠው።

አንዲት እናት ሕፃኗን እንዳዘለች ደጃፏ ላይ ቆማ፣ ልጄን አላስከትብም አለችን። በቁጣ አልነበረም፤ ቡናም አፍልታልን ነበር። «ፖሊዮ ከአፍሪካ ጠፋ ተብሎ በሬዲዮ ሰምተናል። አሁን ደግሞ ከክትባቱ የመጣ ፖሊዮ አለ ይባላል። የቱን ልመን?» አለች። ከእኛ አንዱ ፈጠን ብሎ፣ «የጠፋው እኮ የዱሩ ፖሊዮ ነው» አላት። እርሷም ወደ ቆላው በእጇ እያመለከተች፣ «እንግዲያው የጅብና የዝንጀሮ በሽታ ነዋ! እኛን ከዱር ምን አገናኘን?» ስትል መለሰች። ጎረቤቶቿ ሳቁ። እኛ ግን የምንመልሰው አጣን፤ ቃሉን በየሪፖርታችን ስንጽፈው ብንኖርም፣ ምን ማለት እንደ ሆነ በአማርኛ ለእናት አስረድተን አናውቅም ነበርና።

ሊቃውንቱ «የዱር ቫይረስ» ሲሉ ስለ ጫካ መናገራቸው አይደለም። አባቶቻችን የልጅነት ልምሻ ያሉት የፖሊዮ ቫይረስ በጅብም ሆነ በዝንጀሮ መንጋ ውስጥ አይኖርም፤ በተፈጥሮ ማደሪያው ሰው ብቻ ነው። ከሰው ዓይነ ምድር ወጥቶ፣ በተበከለ ውኃና ባልታጠበ እጅ ወደ ሌላው ሰው አፍ ይገባል። «የዱር» ያሉት የሰው እጅ ያልገራውን፣ እንደ ጥንቱ ከሰው ወደ ሰው የሚዞረውን ነው። የቤት እንስሳና የዱር አውሬ እንደምንለው ማለት ነው።

የተገራው የቱ ነው ቢባል፣ ጠብታው ውስጥ ያለው ነው። አልበርት ሳቢን የተባሉ ሐኪም በ1950ዎቹ (ዘመናቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እንናገራለን) ቫይረሱን በዝንጀሮ ኅብረ ሕዋስ ላይ ደጋግመው በማራባት፣ ነርቭን የመጉዳት ኃይሉን አደከሙት። ሰውነት ግን ይህን ደካማ ቫይረስ አይቶ ኃይለኛውን መከላከል ይማራል። በመርፌ የሚሰጠው ሌላው ክትባት በጆናስ ሶልክ የተገኘ ሲሆን፣ በ1955 ሥራ ላይ የዋለ፣ ከሞተ ቫይረስ የተዘጋጀ ነው።

እዚህ ላይ «ዓይነት» የሚለውንም ቃል ለይተን እንያዝ፤ ብዙ ሰው ከ«ዱር» ጋር ያምታታዋልና። የፖሊዮ ቫይረስ ዓይነቱ ሦስት ነው፤ 1፣ 2 እና 3 ተብለው በቁጥር ይጠራሉ። አንዱን የተከላከለ ሰውነት ሌላውን ይከላከላል ማለት አይደለም። የዱሩ ዓይነት 2 ከዓለም መጥፋቱ በ2015፣ የዱሩ ዓይነት 3 ደግሞ በ2019 ተረጋገጠ። የዱሩ ዓይነት 1 እስካሁን መተላለፉ ያልተቋረጠው በፓኪስታንና በአፍጋኒስታን ነው።

ወደዚያች እናት ጥያቄ እንመለስ። በሁለተኛው ቀን ስንሄድ የነገርናት እንዲህ ነበር። አንድ ገራም ወይፈን ከመንጋው ተለይቶ ወደ ዓባይ ቆላ ቢወርድ፣ እረኛም ፈልጎ ባያገኘው፣ ወራትና ዓመታት ሲያልፉ ሰው ሲያይ የሚወጋ ይሆናል። በደሙ ያው የቤት ከብት ነው፤ ጠባዩ ግን የዱር ሆኗል። የጠብታውም ቫይረስ እንዲሁ ነው። ብዙ ልጆች በተከተቡበት ቀበሌ ከአንዱ ልጅ ቢወጣ የሚያርፍበት አጥቶ ይጠፋል። ብዙዎች ባልተከተቡበት ግን ካልተከተበ ወዳልተከተበ እየተሻገረ ለረጅም ጊዜ ይዞራል፤ ሲዞርም ጥቂት በጥቂት ይለወጣል፤ በመጨረሻም ልጅን ሽባ የማድረግ ኃይሉ ይመለሳል። «ከክትባት የመነጨ» የሚባለው ይህ ነው። ላቦራቶሪው የሚለየው የቫይረሱን የዘር ጽሕፈት በማንበብ ነው፤ 900 ያህል ፊደላት ካሉት ክፍል ውስጥ በዓይነት 2 ስድስት ወይም ከዚያ በላይ፣ በሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ አሥር ወይም ከዚያ በላይ ፊደላት ተለውጠው ከተገኙ ይህ ስም ይሰጠዋል።

ሳንደብቅ የምንናገረው ሌላም አለ። ጠብታው ራሱ የወሰደውን ልጅ ሽባ የሚያደርግበት ጊዜ አለ፤ ይኸውም ከሁለት ሚሊዮን በሚበልጡ የመጀመሪያ ጠብታዎች አንድ ጊዜ ያህል ነው። ቫይረሱ በነፃ በሚዞርበት አገር ግን ከሚይዛቸው 200 ሰዎች አንዱ ያህል ሽባ ሆኖ ይቀራል። ለወላጅ ሁለቱንም ቁጥሮች መንገር ይገባል። አንዱን ሸሽገን ሌላውን ብንናገር፣ የሸሸግነውን ከሌላ ሰው በሰማች ቀን እናቲቱ ዳግመኛ አታምነንም።

አሁን ስለ ራሳችን ስሕተት እንናገር። ነሐሴ 2020 ላይ የአፍሪካ ቀጠና ከዱር ፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኑ ተረጋገጠ። ታላቅ የምሥራች ነበር። እኛ ግን በዚሁ ጽሑፋችን ላይ «ፖሊዮ ከአፍሪካ ጠፋ» ብለን አወጣን፤ «የዱር» የምትለዋ ቃል ለአርእስቱ በዛች ተብላ ተቀነሰች። በዚያው ጊዜ ከክትባት የመነጨው ዓይነት 2 በአገራችን ይዞር ነበር፤ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ2019 በሶማሌ ክልል ነው። እንግዲህ ያች እናት የሰማችውን ወሬ ካሠራጩት መካከል እኛም ነበርንበት።

የወሬ ጉዳት እስከ ምን እንደሚደርስ ከዚህ ቀደምም ታይቷል። በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ ክትባቱ ያመክናል የሚል ወሬ ተነሥቶ ዘመቻው በአንዳንድ ክፍለ አገሮች ቆመ። የዱሩ ዓይነት 1 ከዚያ ተነሥቶ በሱዳን አልፎ በ2004 መጨረሻ ወደ አገራችን ሰሜን ገባ፤ ኢትዮጵያ ከዚያ በፊት ለአራት ዓመታት ያህል ከፖሊዮ አርፋ ነበር። ከእናንተ ሰፈር ስንት ወጣት ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሑመራ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። ቫይረሱም የሚሄደው በዚሁ መንገድ፣ ከሰው ጋር ነው።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ ሪፖርታችሁ «ፖሊዮ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። የዱር ነው ወይስ ከክትባት የመነጨ? ዓይነቱ ስንት ነው? ሁለቱም ይጻፉ። በመንደር ግን እጃችሁ ላይ ያለ ልጅ ቢኖር ስሙን እናንተ አትስጡት። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ ወይም እጁ በድንገት ከለመሸ፣ ምክንያቱ ምንም ይምሰላችሁ፣ በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ። ሁለት የዓይነ ምድር ናሙና በ24 ሰዓት ልዩነት ይወሰዳል፤ ልምሻው ከጀመረ 14 ቀን ሳይሞላ መሆን አለበት። ናሙናው በበረዶ ሣጥን ሆኖ አዲስ አበባ ወዳለው ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ስሙንም የሚያወጣለት ላቦራቶሪው ነው። መንገድ ተዘግቶ መኪና የማያልፍበት ሳምንት ከሆነ፣ ያንኑ ዕለት በስልክ አሳውቁንና ሣጥኑን እንዴት እንደምናደርሰው አብረን እንፈልጋለን።

እናቲቱ በሁለተኛው ቀን ሕፃኗን አስከተበች። ታላቁን ልጇን ግን ከብት ጥበቃ ወርዷልና በማግሥቱ ኑ አለችን፤ በማግሥቱም ሄድን።