ጠጋኙ ከሄደ በኋላ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ከቢቸናና ከሞጣ የመጣን ተማሪዎች ነን። የምንናገረው ስለ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ነው። ጉዳዩ የባለሙያዎች ብቻ ለሚመስለው ወገናችን፣ በመጀመሪያ ከአገራችን አንድ ምሳሌ እናምጣ።

ከሞጣ ወደ ጎንደር በሚወስደው የጥንት መንገድ፣ ዓባይ ላይ፣ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ቅስቱ ፈረሰ። ሰዉ ግን መሻገሩን አልተወም፤ ገበያውም ዘመዱም ከወዲያ ማዶ ነውና፣ ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ። በኋላ ቢጠገንም ጎርፍ ወሰደው፤ በመጨረሻ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተሠራለት። ከዚህ የምንማረው፣ ሰው የለመደው ነገር ቢሰበርበት መጠቀሙን እንደማይተው፣ ነገር ግን በአደጋ ላይ ሆኖ እንደሚጠቀም ነው።

ዊንዶውስ 10 የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ወጣ። ማይክሮሶፍት ነጻ ድጋፉን ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በማግሥቱ ኮምፒዩተሮቹ አልሞቱም፤ እንደ ወትሮው በሩ፣ ጻፉ፣ አተሙ። የሄደው ጠጋኙ ነው። ቀድሞ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ሲገኝ ኩባንያው በየወሩ ይደፍነው ነበር። አሁን ለዊንዶውስ 11 የሚወጣው ማስተካከያ ራሱ፣ በአሮጌው ውስጥ ያው ቀዳዳ ካለ፣ የት እንደሚገኝ ለሌባው ሊጠቁመው ይችላል።

ይህ ባዶ ማስፈራሪያ አይደለም። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ከ150 በሚበልጡ አገሮች ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ጠየቀ። የብሪታንያ ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ማስተካከያው ግን ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው።

በዕረፍታችን ጊዜ ቢቸና ከአንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ገብተን ይህንኑ ብንነግራቸው፣ ባለቤቱ «ልጆቼ፣ ኢንተርኔት የለኝ፤ ከየት ይመጣብኛል?» አሉን። እኛም ቁጭ ብለን ተመለከትን። የመምህሩ ፈተና፣ የገበሬው አቤቱታ፣ የሥራ ፈላጊው ማመልከቻ፣ ሁሉም በፍላሽ ይገባል፤ በፍላሽ ይወጣል። ከእኛ አንዱ የራሱን ፍላሽ ሞጣ ወስዶ ሲከፍተው ፋይሉ ሁሉ ወደ አቋራጭ ምልክት ተለውጦ አገኘው። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየ ጊዜም ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን አላቆመም። ባለሱቁን አንወቅስም፤ ማንም ቀድሞ አልነገራቸውምና።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ መቁጠር ነው። የትኛው ኮምፒዩተር ዊንዶውስ 11ን ይቀበላል? ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ፣ ኢንቴል ከሆነም በጠቅላላው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ምንም ነገር ሳይነካ ፋይሉን በሁለት ቦታ መገልበጥ፤ አንደኛው ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ የአማርኛውን ጽሑፍ ማዳን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በቀድሞዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፊደሎች የተጻፈ ሰነድ፣ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናል። ስለዚህ አሮጌው ኮምፒዩተር ሳይሰናበት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ይህ ከተረሳ የስንት ዓመት መዝገብ እያለ እንደሌለ ይቆጠራል።

አራተኛ፣ መምረጥ። ጊዜ መግዛት ለሚሻ ተጨማሪ የደኅንነት ማስተካከያ ተዘጋጅቷል፤ ለግለሰብ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ ነው። ለትምህርት ቤቶች የተተመነው በአንድ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያው ዓመት 1፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሦስተኛው 4 ዶላር ነው። ይህ ግን ጊዜ መግዣ ነው እንጂ መዳኛ አይደለም። ሌላው መንገድ እንደ ኡቡንቱና እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለውን ነጻ ሲስተም መጫን ነው። ይኸውም ምንም ሳይጠፋ ከፍላሽ ተነሥቶ ሊሞከር ይችላል፤ ማተሚያው መታዘዙና አማርኛው መጻፉ በቅድሚያ ይታይ። ሁለቱም የማይሆንለት ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ይለይ፤ ያገኘው ፍላሽ ሁሉም አይሰካበት።

ወገኖቻችን ሆይ! እኛ እዚህ የተማርነው በእነዚያ ጽሕፈት ቤቶች በተተየበ ማመልከቻ ነው። ስለዚህ ማኅበራችን ከመጪው ዕረፍት በፊት የሊኑክስ ፍላሾችን እንዲያዘጋጅ፣ መምህራኖቻችንም አንድ ቅዳሜ ሰጥተው እንዲያሠለጥኑን እንጠይቃለን። እያንዳንዳችን ወደየአገራችን ስንገባ አንድ ትምህርት ቤት ወይም አንድ ጽሕፈት ቤት እንያዝ። እኛ ቢቸናንና ሞጣን ይዘናል፤ እናንተስ የትኛውን ትይዛላችሁ?