የራስን ድምፅ ቀንሶ የሌላውን መስማት
(በቆሰበር ለተሰበሰቡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ከዚህ ብዙ ሳይርቅ፥ በዘንገና ሐይቅ አፋፍ ቆማችሁ ማዶ ያለውን ጓደኛችሁን ተጣራችሁ እንበል። እርሱም በዚያው ቅጽበት ቢጮኽ የገደል ማሚቶ የራሳችሁን ድምፅ መልሶ ያመጣና የእርሱን ይሸፍነዋል። ዛሬ የምናገረው ይኸው ችግር በሳተላይት መገናኛ ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚፈታ ነው።

የምንናገርለት የመገናኛ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይውላል። ሞገዱ ወጥቶ እስኪመለስ ሩብ ሰኮንድ ያህል ይፈጃል። ሁለት የምድር ጣቢያዎች ሲነጋገሩ እንደ ልማዱ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ፍሪኩዌንሲ ይመደባል፤ ኪራዩም የሁለት መስመር ነው። በአንድ መስመር ቢናገሩ ግን ሳተላይቱ ሁለቱን ደባልቆ ለሁለቱም ይመልሳል። እያንዳንዱ የራሱን የገደል ማሚቶ ይሰማል ማለት ነው።

ነገር ግን ጣቢያው የላከውን ያውቃል። ስለዚህ ቅጂውን በማኅደረ ትውስታው ያቆያል፤ የዘገየበትንና የተዳከመበትን ልክ ያስተካክላል፤ የሞገዱን ጫፍ ከጫፍ ያገጣጥማል፤ ከዚያም ከተቀበለው ላይ ይቀንሰዋል። የሚተርፈው የሌላው ቃል ነው። ጭንቁ መቀነሱ ሳይሆን ልኩን ማግኘቱ ነው። ሳተላይቱ በቦታው ጥቂት ስለሚዋልል ልኩ ይለዋወጣል፤ ማጉያውም ሞገዱን ካጣመመው ቅጂው ከማሚቶው ጋር አይገጥምም፤ ትራፊው ይረብሻል።

ይህ ለእኛ ምን ይረባናል? በ1990ዎቹ ዓ.ም. የፕላዝማ ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የደረሰው በሳተላይት ነበር። የቴሌቪዥኑ መምህር ግን ይናገራል እንጂ አይሰማም። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ አያየውም። መልስ የሚመለስበት መንገድ ኪራይ ይጠይቃል፤ ሳተላይቱ የውጭ አገር ሲሆን ኪራዩ የውጭ ምንዛሪ ነው። አንድ መስመር ለሁለት ከበቃ የመስመሩ ስፋት እስከ እኩሌታ ይቆጠባል፤ የሳተላይቱ ኃይል ግን አይቆጠብም፤ ይህንን መደበቅ አይገባም።

ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይት ከቻይና አመጠቀች። ሳተላይት ማምጠቅ የመንግሥት አቅም ይጠይቃል። የዛሬው ነገር ግን ሒሳብና ኮምፒዩተር ብቻ ይዞ የሚጀመር ነው። መሣሪያው በውጭ አገር ተሠርቶ ይሸጣል፤ ሥራውን ካላወቅን ኪራዩን ቆጥበን ለመሣሪያው እንከፍላለን። እንግዲህ የኤሌክትሪክና የሒሳብ ተማሪዎች ሆይ፥ የክረምቱ ዕረፍት ሳያልፍ አብረን እንጀምር።