ከፍ የተደረገ መኪናና የኋላ ስታቢላይዘር



ሞላው ተለውጦ ከፍ የተደረገ አገር አቋራጭ መኪና በኩርባ ላይ ይበልጥ ያጋድላል። ለዚህም መፍትሔ ተብሎ ከኋላ ወፍራም ስታቢላይዘር ይገጠምለታል፤ ይኸውም የግራና የቀኙን ጎማ አያይዞ፣ ራሱ እየተጠመዘዘ ማጋደልን የሚገታ የብረት ዘንግ ነው። ጥምዘትን የመቋቋም አቅሙ በዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ ከ20 ወደ 24 ሚሊ ሜትር ቢወፍር አቅሙ ከእጥፍ ይበልጣል።

የስበት ማዕከሉን ግን አያወርድም። በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል 1.5 ሜትር ርቀት ያለው መኪና የስበት ማዕከሉ ከ75 ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ የርቀቱ ግማሽ ለከፍታው ሲካፈል የሚገኘው የመገልበጥ መቋቋሚያ ምጣኔ ከ1.0 ወደ 0.94 ገደማ ይወርዳል። በልቅ ጠጠር ላይም ዘንጉ ኋላውን ለመንሸራተት ያጋልጣል።

ማጋደል ለአሽከርካሪው ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን የቀነሰ መሐንዲስ አደጋውን የቀነሰ እንዳይመስለው አደራ እላለሁ።