ከዓድዋ ወንዝ በኋላ፦ ስለ ምኞት፣ ስለ ትዕግሥትና ስለ ዓላማ



ምኞትን በትዕግሥት ስለመከተል እንድናገር ስጋበዝ፣ ርእሱ ለምክር እጅግ የተመቸ መሆኑ ጥቂት አሳስቦኛል። ምክርስ ከወላጆቻችሁ ብትሰሙት ይሻላል። ስለዚህ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ ይዤ ቀርቤአለሁ። ስማቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስምን ማወቅ ግን ሥራን ማወቅ አይደለም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ብልሃርዝያን ለማጥናት ዓድዋ በሄዱ ጊዜ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከቱ። የበሽታው ጥገኛ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ ስላለበት፣ ያዩት ነገር ትርጉም አልተሰወራቸውም። ዘወትር የሚነገረው ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ማየቱ የአንድ ቀን ጉዳይ ነበር፣ ሌላውን ማሳመን ግን ዕድሜ ጠየቀ።

በዓድዋ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው የመስክ ሙከራ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ይህ ማስረጃ ግን አልበቃም። ዓለም አቀፍ ተቋማት እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ አደገኛ አለመሆኑ በታወቁ ቤተ ሙከራዎች እንዲረጋገጥ ጠየቁ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ምርመራው ውድ ነበር፣ የሚከፍልለትም በቀላሉ አልተገኘም። ዶክተር አክሊሉ እንቅፋቱ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን አፍሪካዊ ተመራማሪ በአፍሪካ ምድር የሠራውን ሳይንስ ያለማመን ጭምር መሆኑን በአደባባይ ተናግረዋል። ትዕግሥት ማለት ዝም ማለት የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢያስተውሉ መልካም ነው። እርሳቸው እየጠበቁም ይከራከሩ ነበር።

በዚያው ዘመን የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ስለ ተክሉ ራሱ ይደክሙ ነበር። የእንዶድ ዓይነቶችን ከየአካባቢው ሰብስበው አበቀሉ፤ የትኛው ብዙ ፍሬ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ቀንድ አውጣን በበለጠ እንደሚገድል እያነጻጸሩ በመጨረሻ 44 የሚል ቁጥር የተሰጠውን ዓይነት መረጡ። ይህን መሰል ሥራ ጋዜጣ ላይ አይወጣም። ተክል ደግሞ የተመራማሪን የጊዜ ሰሌዳ አያውቅም፤ በራሱ ወቅት ያፈራል። በ1989 ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሁለቱ በጋራ መቀበላቸው ስለዚህ ያስደስተኛል።

እምነታቸውስ ምን ነበር? ገበሬው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ኬሚካል ከሚጠብቅ፣ በጓሮው የሚያበቅለውን እንዶድ አድርቆና ፈጭቶ ወንዙን ራሱ እንዲጠብቅ ነበር የሚሹት። ለአንድ ኩባንያ የሚመች መንገድ አልነበረም፤ ምናልባትም ጉዞውን ያዘገየው አንዱ ምክንያት ይኸው ይሆናል።

አሁን ደስ የማይለውን ልናገር። ክርክሩ ገና ሳያልቅ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት መጣ፤ የቁጥጥሩም ትኩረት ከቀንድ አውጣው ወደ ታማሚው ዞረ። እንዶድ የተመኙለትን ያህል አልተስፋፋም። ስለዚህ «የታገሠ ሁሉ ያሸንፋል» ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። ከዚያ ጥረት የቀረው ሌላ ነገር ነው፤ በ1966 ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው እየተጠራ ተመራማሪዎችን ያፈራል።

የዓድዋው ሙከራ አምስት ዓመት ፈጅቷል። የእናንተ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ግን በጥቂት ወራት እንዲጠናቀቅ ይጠበቃል፤ የእኛ የመምህራኑም ዕድገት በኅትመት ብዛት ይመዘናል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ዛሬ አንድ ወጣት ወንዝ ዳር ያን ነገር ቢያይ፣ ማን ጊዜ ይሰጠዋል? በዚህ ላይ የእናንተን ሐሳብ መስማት እሻለሁ፤ መድረኩን ለውይይት እለቃለሁ።